ፎርማት ተደርጎም ያልጸዳው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ማስታወቂያ በየደቂቃው ብቅ እያለ አስቸገረ? ፎርማት ይደረግ። ዎርድ አልከፍት አለ፣ ዋይፋይ ጠፋ፣ ለመነሳት አሥር ደቂቃ ፈጀ? አሁንም ፎርማት ይደረግ። አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ፣ ከዩኒቨርሲቲ በር ፎቶ ኮፒ ቤቶች እስከ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የአይቲ ክፍል ድረስ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው አንድ ቃል ነው። ራሱን ላመመውም፣ እግሩ ለተሰበረውም ያንኑ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢኖር ሰው ይሸሸዋል። ለላፕቶፕ ሲሆን ግን ወረፋ ይያዝለታል።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ደንበኛው ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል።

«ዳታ አለው?» ይላል ቴክኒሻኑ ቀና ሳይል።

«አዎ፣ ግን ዲ ላይ ነው መሰለኝ ያለው።»

«በቃ ሲን ብቻ ነው የምነካው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ና።»

ፓስወርዱ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል። ከመሳቢያ አንዲት ፍላሽ ትወጣለች። ጠዋት የሌላ ሰው ማሽን ላይ ነበረች፣ ማታ ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ ትሰካለች። በውስጧ ያለውን ዊንዶስ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደወረደ፣ ምን እንደተጨመረበትና ምን እንደተቀነሰለት የሚያውቅ የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ አዲስ ይመስላል፤ ቶሎ ይነሳል፣ ኦፊሱም ተጭኗል። ደንበኛው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። «ጸዳልኝ» ብሎም ያምናል።

አልጸዳም። በአብዛኛው የሆነው ነገር የታወቀ ቆሻሻ ባልታወቀ ቆሻሻ መለወጡ ነው። ያውም ተከፍሎበት።

ከዜሮ መጫን ማለት ምን ማለት ነው?

ሲስተምን ከዜሮ መጫን ጥሩ ነገር ነው። አንዳንዴም ብቸኛው መፍትሔ ነው። ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ሥር የሰደደበትን ማሽን አንድ በአንድ እየለቀሙ ከማጽዳት ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ላፕቶፕም በማን እጅ እንደነበረ ስለማይታወቅ ከዜሮ ቢጀመር ይመረጣል። አዲስ ከካርቶኑ የወጣ ማሽን እንኳ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 መጀመሪያ ሌኖቮ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ሶፍትዌር ከፋብሪካ ተጭኖ ተገኝቷል፤ ይህ ሶፍትዌር ምስጢራዊ መሆን የነበረበትን የኢንተርኔት ግንኙነት መሀል ገብቶ ማንበብ የሚያስችል ቀዳዳ ከፍቶ ነበር።

እንግዲህ ክርክሩ «ፎርማት ይቅር» አይደለም። ክርክሩ «ፎርማት» የሚለው ቃል የሚገባውን ሥራ ይሥራ ነው። ከዜሮ መጫን ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ምንጩ ከሠሪው ከራሱ የወጣ መሆን አለበት። ፈቃዱ እውነተኛ መሆን አለበት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ መገኘት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቤቱ ተጠርጎ በሩ ሳይዘጋ እንደማደር ነው።

«ሲን ብቻ ነው የምነካው» የሚለው ማጽናኛም ይመርመር። ዲ ላይ የተቀመጡት ከየቦታው የተሰበሰቡ የሶፍትዌር መጫኛዎች፣ ከሰው ፍላሽ የተገለበጡ ፎልደሮች፣ አገር ያወቀው የሾርትከት ቫይረስ፣ ሁሉም እዚያው እንዳሉ ይጠብቃሉ። ሲ ታጥቦ በነጋታው ባለቤቱ ዲ ላይ ያለውን አንዱን ፋይል ሁለቴ ሲጫን፣ ሄደ የተባለው እንግዳ ተመልሶ ይገባል።

ፍላሿና «ክራኩ»

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ዊንዶሱን ከጫነ በኋላ «አክቲቬት» ለማድረግ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳል። ከዚያ በፊት ግን አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አንቲቫይረሱ ክራኩን ስለማይወደው ነው።»

እውነት ነው፣ አይወደውም። የዊንዶስ ዲፌንደር ይህን መሣሪያ ሲያገኘው «ሃክቱል» ብሎ ስም ሰጥቶ ያግደዋል። ስለዚህ ዲፌንደር ይጠፋል፣ ወይም ያንን ፎልደር እንዳያይ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜም ያ ትእዛዝ እንደተሰጠ ይቀራል። ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቀመጥ ተደርጎ ቤቱ ለባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ኬኤምኤስ የሚባለው ዘዴ ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች ያዘጋጀው ነው። በድርጅቱ ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ እየጠየቁት ለ180 ቀናት የሚያገለግል ፈቃድ ይወስዳሉ፣ ጊዜው ሳያልቅም ያድሳሉ። ክራኩ የሚሠራው ማታለያ ይህንኑ ሰርቨር መስሎ መቅረብ ነው። ባለቤቱ የማያውቀው ፕሮግራም ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሙሉ ሥልጣን፣ በየጊዜው እየተነሳ ፈቃድ ያድሳል። አንድ ቀን አንቲቫይረስ ነቅቶ ካጠፋው ደግሞ ከወራት በኋላ «ዊንዶስዎን አክቲቬት ያድርጉ» የሚለው ጽሑፍ በማያው ጥግ ብቅ ይላል። ደንበኛውም «እንደገና ተበላሸ» ብሎ ወደዚያው ባንኮኒ ይመለሳል። በቀጠሮ የሚመለስ በሽታ ማለት ይህ ነው።

ሌላው አደጋ ከዚህ ይከፋል። ክራኩን የሚያሰራጭ ሁሉ ክራክ ብቻ አያሰራጭም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ፣ ኬኤምኤስፒኮ በሚል ስም ከሚወርዱት መጫኛዎች መካከል ክሪፕትቦት የተሰኘውን ሰላይ ሶፍትዌር ይዘው የሚመጡ መኖራቸውን ይፋ አድርጓል። ይህ ሰላይ በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችንና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዎችን ይሰርቃል። ኢሜይሏ፣ ፌስቡኳና የቢሮዋ አካውንት በዚያው ብራውዘር ውስጥ ያለባት ሴት «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ስትባል ምን እየፈቀደች እንደሆነ የነገራት የለም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

«ታዲያ ምን ይደረግ? ፈቃዱ ውድ ነው» ይባላል። ይህ መከራከሪያ ተገቢ ይመስላል። ለብዙ ላፕቶፖች ግን ከነጭራሹ ስሕተት ነው።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ በየሱቁ የተደረደሩት ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ዊንዶስ የተከፈለባቸው ናቸው። ከዊንዶስ 8 ዘመን ጀምሮ ደግሞ የፈቃዱ ቁልፍ በወረቀት ሳይሆን በማሽኑ ማዘርቦርድ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። ከዊንዶስ 10 ወዲህ አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ማሽን በማይክሮሶፍት ዘንድ ይታወቃል። ማዘርቦርዱ ካልተለወጠና የሚጫነው ዊንዶስ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ሆም ለነበረው ሆም፣ ፕሮ ለነበረው ፕሮ፣ ሲጭኑ ቁልፍ ሲጠየቁ «የለኝም» ብሎ ማለፍ፣ ከዚያም ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ይበቃል። ፈቃዱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ ክራኩ ለምን አስፈለገ? ቴክኒሻኑ ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ዊንዶስ ስለሆነ ነው። ሆም ፈቃድ ባለው ማሽን ላይ ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ይጭናል። የማሽኑ ቁልፍ ለዚያ ስለማይሠራ በክራክ ይከፍተዋል። እንግዲህ ደንበኛው የራሱ ሕጋዊ ንብረት በቤቱ ተቀምጦ፣ የተሰረቀ ዕቃ በገንዘቡ ገዝቶ ገባ ማለት ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ፈቃድ የሌለው ማሽን ያለውስ? እሱም ቢሆን ምርጫ አለው። ዊንዶስ አክቲቬት ሳይደረግ መሥራቱን አያቆምም፤ ጥግ ላይ ጽሑፍ ይታያል፣ የማያውን ሥዕልና ቀለም መቀየር ይከለከላል፣ የደኅንነት ማሻሻያ ግን ይመጣለታል። በሕግ ዓይን ፈቃድ አይሆንም። ከደኅንነት አንጻር ግን ጥጉ ላይ ጽሑፍ ያለበት ንጹሕ ዊንዶስ፣ ጽሑፉ ተደብቆ ውስጡ ከተበሳው ዊንዶስ ይሻላል። ነጻና ሕጋዊ ይሁን ለሚል ደግሞ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ አለ፤ አይከፈልበትም፣ ክራክ አይፈልግም፣ በአማርኛም ያስጽፋል።

የብብቷን ጣለች

ከክራኩ ይልቅ ብዙ እንባ ያፈሰሰው ግን ዳታ ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የሦስት ዓመት የፍርድ ቤት ሰነድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። ሲ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ነው፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ደንበኛው «ዲ ላይ ነው መሰለኝ» ሲል «መሰለኝ» የሚለውን ቃል የሰማው የለም።

ድሮ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘመን ተስፋ ነበረ። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ፋይሎቹን ስላልነበረ፣ በላያቸው ሌላ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ በማውጫ ሶፍትዌር ይገኙ ነበር። ዛሬ ብዙው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ሲስተሙ «ይህ ቦታ አይፈለግም» ብሎ ሲነግረው ዲስኩ ራሱ በውስጡ ያለውን ያጸዳል። ከዚያ በኋላ «ሪከቨሪ እንሠራለን» የሚለው ማስታወቂያ በአብዛኛው ጅብ ከሄደ በኋላ እንደጮኸው ውሻ ነው።

ነገሩ የተገላቢጦሽም አለው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለውን ላፕቶፕ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ የሸጠ ሰው ፓስፖርቱን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የቤተሰቡን ፎቶ አብሮ ሸጦ ሊሆን ይችላል። ለራሱ የጠፋው ፋይል ለገዢው ሊገኝ ይችላል።

የአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚያውቀው ሌላ ሐዘንም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ቢሮዎች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች ጽፈዋል። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ሳይመለስ ሲቀር የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ጸሐፊዋ «ቫይረስ በላው» ብላ ትደነግጣለች፤ አንዳንዱም ፋይሉን ያጠፋዋል። ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ከፎርማት በፊት የፎንት ፎልደሩን መገልበጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚጠይቅ ቴክኒሻን ግን ስንት ነው?

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አዲሱ አደጋ ገና በደንብ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከወጣው የዊንዶስ 11 ዕትም ጀምሮ፣ ማሽኑ ብቁ ከሆነና በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባበት፣ ከዜሮ ሲጫን ዲስኩ ራሱ ይመሰጠራል። ይህ መልካም ነው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ዲስኩን ነቅሎ ማንበብ አይችልም። የመክፈቻው ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚቀመጠው ግን በመጀመሪያ በተገባበት አካውንት ውስጥ ነው።

ቴክኒሻኑ ሥራው እንዲፈጥንለት በራሱ አካውንት ገብቶ ቢጨርስስ? ቁልፉ የሱ ነው። ከወራት በኋላ ማሽኑ ባዮሱ ተነክቶ ወይም ዕቃ ተለውጦ «ቁልፉን አስገባ» ሲል፣ ባለቤቱ የራሱን ቤት ለመክፈት ስልኩን የቀየረውን ቴክኒሻን ፍለጋ ይወጣል። ካላገኘው ዳታው ተዘግቶ ይቀራል። ቤቱን ያጸዳ ሠራተኛ የበሩን ብቸኛ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ሲሄድ ዝም የሚል ሰው የለም። ላፕቶፕ ሲሆን ለምን ዝም ይባላል?

ጥፋቱ የማን ነው?

ሁሉንም በቴክኒሻኑ ላይ ማላከክ የአብዬን ወደ እምዬ ይሆናል። ልጁ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ የሱቅ ኪራይ አለበት። ዊንዶስ 11ን ለማውረድ ከአምስት ጊጋባይት በላይ ያስፈልጋል፤ ይህንን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በሞባይል ዳታ አውርድ ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ ደንበኛው ራሱ «ቶሎ በል፣ ኦፊስም ጨምርልኝ፣ ፎቶሾፕም ካለህ» እያለ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከማይክሮሶፍት ገጽ ወርዶ፣ በማይክሮሶፍት በራሱ ነጻ መሣሪያ የተዘጋጀ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ለመቶ ደንበኛ ይሠራል። ያልታወቀውን ፍላሽ በታወቀ ፍላሽ ለመተካት የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ኢንተርኔት ነው። ድህነት ሰበብ የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ልማድ ነው።

የተሳሳተ ምርመራውም የሚያልፍ አይደለም። ብዙ የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ፎርማት አልነበረም የሚያስፈልገው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቢተካ፣ ራሙ ቢጨመር፣ ፋኑን ያነቀው አቧራ ቢጠረግ ይነቃ ነበር። ሊሞት የደረሰ ዲስክ ላይ ፎርማት መሥራት ደግሞ ገዳዩን ምት መጨመር ሊሆን ይችላል፤ የዲስክን ጤና የሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር ደቂቃ ሳይፈጅ ይነግረው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህንን።

«እስካሁን ምን ሆነ? አገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚሉም አሉ። የሆነውን ዓለም አይቷል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰረዝ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዳው ማሻሻያውን ያልጫነ ነው። በእነዚህ ፍላሾች ላይ ያሉ ብዙ ዊንዶሶች ደግሞ ክራኩ እንዳይነካ ተብሎ ማሻሻያ እንዳይቀበሉ ተደርገው የሚጫኑ ናቸው።

ሰዓቱም አይጠብቅም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ለአንድ ዓመት የሚያራዝም የምዝገባ ፕሮግራም ቢዘረጋም፣ በክራክ የሚሠራ ማሽን ያለው ሰው ስለምዝገባው እንኳ የሰማ አይመስልም። ዊንዶስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 ያላቸውንና፣ ኢንቴል ከሆኑ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የወጡትን ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት በየባንኮኒው የሚቀርበው ላፕቶፕ ቁጥር የሚቀንስ አይሆንም።

መሥሪያ ቤቶችስ?

የግለሰቡ ኪሳራ የግሉ ነው። የመሥሪያ ቤት ግን የሕዝብ ነው። የዜጋ ስም፣ የሕክምና ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የግብር ፋይል ያለበት ኮምፒውተር በክራክ ፍላሽ ከተጫነ አደጋው የጸሐፊዋ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ከዚያም በፊት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ሰጥቷል። አዋጁ በመደርደሪያ፣ ክራኩ በጠረጴዛ፤ በአንድ ቢሮ ውስጥ። ለመኪና ግዢ በጀት የሚያገኝ ተቋም ለሶፍትዌር ፈቃድ ሲባል «በጀት የለም» ቢል ማን ያምነዋል? ያም ቢቀር፣ ነጻውን ሊኑክስ ለመሞከር የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው እንጂ በጀት አይደለም።

በባንኮኒው ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መፍትሔው ሁሉም ሰው ቴክኒሻን ይሁን ማለት አይደለም። ባለቤት ይሁን ማለት ነው። ላፕቶፑን ከማስረከቡ በፊት ፋይሎቹን፣ ዴስክቶፑን፣ ፎንቶቹን በውጭ ዲስክ ላይ በራሱ እጅ ይገልብጥ፤ ገልብጦም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ይይ። የኢሜይሉንና የቴሌግራሙን መግቢያ ያረጋግጥ። ከዚያ አራት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑ ታይቷል? ይህ ዊንዶስ ከየት ወረደ? ማሽኑ የራሱ ፈቃድ አለው ወይ? ሲያልቅ በማን አካውንት ይከፈታል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚመልስ ቴክኒሻን ከተገኘ ከተለመደው በላይ ይከፈለው፤ ይገባዋልና። የሚቆጣ፣ የሚስቅ ወይም «አታስብ፣ እኔ አለሁ» የሚል ከሆነ ግን ላፕቶፑን ወደ ቦርሳ መመለስ ነው። የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ነገም ይደርሳል። በማይታወቅ ፍላሽ የተከፈተ በር ግን ማን ገብቶበት እንደወጣ ባለቤቱ የሚያውቀው ፓስወርዱ ከተቀየረ፣ አካውንቱ ከተወሰደ በኋላ ነው።